የቡናን ዋጋ ጉልበት ማንበብ እስክችል ድረስ

በየካቲት 2014 ዓ.ም. ጅማ በሚገኘው መጋዘኔ ውስጥ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ እስከ ጣሪያው ተደርድሮ ነበር፤ ከግማሽ የሚበልጠውንም የገዛሁት በብድር ገንዘብ ነው። በዚያ ወር የአረቢካ ቡና ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ በአንድ ፓውንድ ወደ 260 የአሜሪካ ሳንቲም ተጠግቶ ስለነበር፣ ከአጋሮና ከማና የሚያመጡልኝ ሰብሳቢዎች በመጡ ቁጥር ዋጋ ሲጨምሩብኝ ሳላንገራግር እከፍል ነበር። የማውቀው ዋጋው ከአምናው እንደሚበልጥና ሰው ሁሉ ገና ይጨምራል እንደሚል ብቻ ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 2015 ዓ.ም.፣ ያው የኒውዮርክ ዋጋ ከ150 ሳንቲም በታች ወርዶ አየሁት። የአገር ውስጡ ዋጋ በዚያው ልክ አልወረደም፤ ሌላ ዕቃ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ የሚፈልጉ ላኪዎች ከዓለም ዋጋ በላይ ጭምር እየከፈሉ ይገዙ ነበርና። ቢሆንም ገዢው ሳስቶ ነበር፣ ወለዱ ግን በየወሩ ይቆጠራል፤ በመጨረሻ ዕዳዬን የዘጋሁት አይሱዙ መኪናዬን ሸጬ ነው።

ከዚያ ወዲህ የዋጋን የጉዞ ጉልበት የሚለኩትን፣ ነጋዴዎች ሞመንተም አመላካች የሚሏቸውን ስሌቶች ተማርኩ፤ እየተማርኩም ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ሁለቱንም ጊዜ ከፍያለሁ። አቅራቢም ሁኑ ሰብሳቢ፣ ወይም ጀንፈሉን እንደ ባንክ በቤቱ ያስቀመጠ ገበሬ፣ በስልካችሁ የኒውዮርክን ግራፍ የምታዩ ከሆነ የእኔ ስሕተት በእናንተ ላይ እንዳይደገም በማለት ነው ይህን የምጽፈው።

ከኪሳራው በኋላ መጀመሪያ ያማከርኳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በቡና ንግድ ያሳለፉ አንድ ሐጂ ናቸው። ቡናችንን እየጠጣን የሆነውን ሁሉ ከነገርኳቸው በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አንተ ዋጋው ስንት ደረሰ ብለህ ብቻ ነው የምትጠይቀው። እኔ የላኪው ሰው በቀን ስንቴ እንደደወለልኝ ነው የምቆጥረው። ዋጋው ሳይወርድ ስልኩ ከቀነሰ መሸጥ እጀምራለሁ።» ወዲያው ትዝ አለኝ፤ በጥር ወር በቀን አራት አምስት ጊዜ ይደውልልኝ የነበረው ገዢ፣ በየካቲት መጨረሻ ድምፁን አጥፍቶ ነበር። የጅማ ዋጋ ግን በዚያ ሳምንት ገና አልተነካም ነበር። ዋጋው ከመውረዱ በፊት የወረደው የገዢው ጥድፊያ ነው፤ ይህንንም ማየት የሚችል ዓይን አልነበረኝም።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው፣ «ጋሼ፣ ሐጂ የሚሉት እኮ በቁጥር የሚሰላ ነገር ነው» ብሎ ስልኩን አወጣና ከዋጋው ግራፍ ሥር በ0 እና በ100 መካከል የምትወዛወዝ አንዲት መስመር አሳየኝ። አርኤስአይ ትባላለች፤ ዌልስ ዋይልደር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቃት ስሌት ናት። ከ70 በላይ ስትሆን ገበያው ከመጠን በላይ ተገዝቷል፣ ከ30 በታች ስትሆን ከመጠን በላይ ተሸጧል ይባላል። እኔም ያን ቀን የያዝኩት ይህንኑ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ 70 ጣሪያ ነው፣ 30 ወለል ነው ብዬ ደመደምኩ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልተርከው።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. መስመሯ 70ን ተሻገረች። የኒውዮርክ ዋጋ ገና 300 ሳንቲም አልደረሰም ነበር፤ በ280ዎቹ አካባቢ ነበር። የ2014ቱ ቁስል ስላልጠገገልኝ፣ ከአምና የተረፈኝን ጀንፈል በሙሉ ለአንድ ላኪ ሸጥኩና በጊዜ ወጣሁ ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ዋጋው እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ሳይሰበር የቆየውን ክብረ ወሰን አለፈ። በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ ወደ 430 ሳንቲም ደረሰ። አንድ ፈረሱላ የተፈለፈለ ቡና 17 ኪሎ ስለሆነ 37 ከግማሽ ፓውንድ ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ በ280 ሳንቲም አንድ ፈረሱላ 105 ዶላር፣ በ430 ሳንቲም ግን 161 ዶላር ነው። ያልታጠበ የጅማ ቡና ብዙውን ጊዜ ከኒውዮርኩ ዋጋ ዝቅ ብሎ ስለሚሸጥ ይህ ልዩነት በሙሉ የእኔ ይሆን ነበር ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የሸጥኩለት ሰው በሦስት ወር ውስጥ ያተረፈውን ሳስብ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዚያ ሁሉ ጊዜ መስመሯን አየኋት፤ ከ70 በላይ ሆና ለብዙ ቀናት ቆየች እንጂ ጣሪያ እንደነካ ነገር ተመልሳ አልወደቀችም።

ነገሩ የገባኝ በእጄ ስሌቱን የሠራሁ ቀን ነው። በመፈልፈያው ቤት መብራት ጠፍቶ ሠራተኞቹ ቁጭ ባሉበት አንድ ከሰዓት፣ የሒሳብ ደብተሬን ገልጬ የ14 ቀናት የመዝጊያ ዋጋ ከእነርሱ በፊት ካለው ቀን ዋጋ ጋር በተርታ ጻፍኩና ዋጋው የጨመረባቸውን ቀናት ጭማሪ ለብቻ፣ የቀነሰባቸውን ቅናሽ ለብቻ ደመርኩ። ለማስረዳት ቁጥሮቹን ላቅልላቸው። የጭማሪው ድምር 42 ሳንቲም፣ የቅናሹ ድምር 14 ሳንቲም ነው እንበል። ሁለቱንም ለ14 ስናካፍል አማካዩ ጭማሪ 3፣ አማካዩ ቅናሽ 1 ይሆናል፤ ጭማሪው የቅናሹ ሦስት እጥፍ ነው። በዚህ ላይ 1 ደምረን 100ን ለ4 ስናካፍል 25 ይሰጠናል፤ ከ100 ላይ ስንቀንሰው 75 ይቀራል። አርኤስአይ ማለት ይኸው ነው። የስልኩ ፕሮግራም የቀደሙትን ቀናት እያለሳለሰ ስለሚያስገባ በእጅ ከሚሠራው ጥቂት ይለያል፣ አሳቡ ግን አንድ ነው።

አሁን ቀጣዮቹን 14 ቀናት እንውሰድ፤ የጭማሪው ድምር ወደ 28 ሳንቲም ዝቅ ሲል ቅናሹ እዚያው 14 ላይ ቀረ እንበል። ዋጋው በድምሩ አሁንም በ14 ሳንቲም ወጥቷል፤ ገበያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ቡና ጨመረ» ነው የሚለው። ስሌቱ ግን 100ን ለ3 አካፍሎ ከ100 ሲቀንሰው 67 ይሰጠናል። ዋጋው ወጣ፣ ቁጥሩ ከ75 ወደ 67 ወረደ። ደብተሩን ይዤ ዝም ብዬ ቆየሁ፤ ሐጂ በስልክ ጥሪ ይቆጥሩት የነበረውን ነገር በራሴ እጅ ጽሑፍ እያየሁት ነበር። ስለ 70ም ያኔ ነው የተረዳሁት። ቁጥሩ 70 ሲሆን የሚናገረው አማካዩ ጭማሪ ከአማካዩ ቅናሽ ከእጥፍ በላይ መሆኑን ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ የጤነኛ ግስጋሴ ምልክት ነው፣ ስለ ማለቁ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። እናንተም ይህን ስሌት አንድ ጊዜ ብቻ በወረቀት ሥሩት፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ከዚያ በኋላ ግን ማንም ስለ 70 የሚነግራችሁን ነገር በጭፍን አትቀበሉም።

ታዲያ 70 መቼ ጣሪያ ይሆናል፣ መቼስ አይሆንም? ዋጋው በአንድ ክልል ውስጥ ወዲያና ወዲህ በሚልበት ገበያ 70 እና 30 በእርግጥ ይሠራሉ። ገበያው ጠንካራ አዝማሚያ ሲይዝ ግን መስመሯ ከ70 በላይ ለረጅም ጊዜ ትቆያለች፤ ዋጋው ዕረፍት ሲያደርግም ብዙውን ጊዜ ወደ 40ና 50 መካከል ወርዳ ከዚያው መልሳ ትነሣለች። ስለዚህ ከአርኤስአይ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ «ገበያው አዝማሚያ ይዟል ወይ?» የሚል ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ኤዲኤክስ የተባለው፣ ያው ዋይልደር የሠራው አመላካች ነው። በየቀኑ አዲስ ከፍታና አዲስ ዝቅታ ምን ያህል እንደተሠራ እያነጻጸረ የአዝማሚያውን ጥንካሬ በቁጥር ያስቀምጣል። በልማድ ከ20 በታች ሲሆን አዝማሚያ የለም፣ ከ25 በላይ ሲሆን አለ ተብሎ ይወሰዳል፤ እኔም ይህን ልማድ ነው የምከተለው። ኤዲኤክስ ከ20 በታች ተኝቶ አርኤስአይ 70 ብትል ለመሸጥ አስባለሁ፤ ኤዲኤክስ ከ25 በላይ ሆኖ እየወጣ አርኤስአይ 70 ብትል ግን ጀንፈሌን አልነካም። በኅዳር 2017 ይህችን አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ቡናዬ በመጋዘኔ ይቆይ ነበር።

በዚያው ዓመት የአዲሱን ምርት ጀንፈል ስገዛ አሠራሬን ለወጥኩ። የብድር ገንዘብ አልነካሁም፤ ያለኝንም ክምችት በሦስት ከፍዬ ያዝኩ። ዋጋው ከፍ እንዳለ ጉልበቱ መላላት ሲጀምር የመጀመሪያውን እጅ፣ አርኤስአይ ከ50 በታች ወርዳ ስትቆይ ሁለተኛውን፣ አዝማሚያው በግልጽ ወደ ታች ሲዞር ሦስተኛውን እሸጣለሁ ብዬ በደብተሬ ላይ ጻፍኩ። በየካቲት ከጫፉ ጥቂት ወረድ ብሎ የመጀመሪያው እጅ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ዋጋው ተንሸራቶ፣ መስመሯም ከ50 በታች ሰንብታ ስለነበር ለሁለተኛው እጅ ገዢ እያፈላለግሁ ሳለ፣ በሚያዝያ ዋጋው ዳግም ወደ 400 ሳንቲም ተመለሰ። ብዙ ሰው «ይኸው ጀመረ» ብሎ መግዛት ሲጀምር እኔ ያየሁት መስመሯ የየካቲቷን ከፍታ አጠገብም አለመድረሷን ነው። ሁለተኛውን እጅ ያን ጊዜ ሸጥኩት። በንግድ ሕይወቴ ያለ ጭንቀት ከሸጥኳቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተቴ የመጣው በሦስተኛው እጅ ላይ ነው። በሰኔ ዋጋው ሲወርድ ግራፉን ከፍቼ ኤዲኤክስ ከ25 በላይ አልፎ እየወጣ መሆኑን አየሁና «አዝማሚያው ጠንካራ ነው» ብዬ ተጽናናሁ። እውነት ነው፣ ጠንካራ ነበር፤ ግን ቁልቁል ነበር። ኤዲኤክስ አቅጣጫን አይናገርም። ዋጋ በኃይል ሲወጣም በኃይል ሲወርድም ቁጥሩ እኩል ይጨምራል። አቅጣጫውን የሚናገሩት አብረውት የሚሳሉት ሁለቱ መስመሮች፣ ፕላስ ዲአይ እና ማይነስ ዲአይ ናቸው፤ ፕላሱ ከላይ ከሆነ ገዢው በርትቷል፣ ማይነሱ ከላይ ከሆነ ሻጩ በርትቷል። እኔ ግን ግራፉ እንዳይዝረከረክብኝ ሁለቱን መስመሮች ከስልኬ ላይ አጥፍቻቸው ነበር። የእህቴ ልጅ አንድ ቅዳሜ መጥቶ መልሶ ሲያበራቸው ማይነሱ ለሳምንታት ከላይ ሆኖ ቆይቷል። የኒውዮርክ ዋጋ በሐምሌ ከ300 ሳንቲም በታች ወርዶ ሳለ ነው የቀረውን የሸጥኩት። ኪሳራው እንደ 2014ቱ የሚያፈርስ አልነበረም፣ ምክንያቱም የቀረኝ አንድ እጅ ብቻ ነበር። ኤዲኤክስን የምትጠቀሙ ሁሉ፣ እባካችሁ እነዚያን ሁለት መስመሮች አታጥፏቸው።

ሌላ ያሳሳተኝን ነገርም ልጨምር። ማክዲ የሚባለው አመላካች የ12 እና የ26 ቀናት አማካይ ዋጋዎችን ልዩነት ወስዶ ከራሱ የ9 ቀናት አማካይ ጋር ያነጻጽራል፤ ጄራልድ አፔል የተባለ ሰው የቀመረው ነው። እርሱና አርኤስአይ ሲስማሙ ሁለት ምስክር ያገኘሁ ይመስለኝና ልቤ ይደፍር ነበር። ነገር ግን ሁለቱም የሚሰሉት ከዚያው ከአንዱ የመዝጊያ ዋጋ ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሲመሰክር እንደ መስማት ነው። እውነተኛ ሁለተኛ ምስክር ከፈለጋችሁ ከዋጋው ውጭ ፈልጉት፦ በላኪዎች ጥሪ፣ በምርት ገበያው ላይ በቀረበውና በተሸጠው መጠን፣ ከገጠር በሚመጣው ጀንፈል ብዛት።

ስልኩን ስታዩም ሰዓቱን ጠብቁ። የኒውዮርክ የቡና ገበያ የሚዘጋው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2:30 ነው፤ አሜሪካውያን ለብርዱ ወራታቸው ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመልሱ 3:30 ይሆናል። ከዚያ በፊት የምታዩት የአመላካች ቁጥር ገና ያልተዘጋ ዋጋ ስለሆነ ከሰዓት 72 ያለው ማታ 64 ሊሆን ይችላል፤ እኔም ከሰዓት ባየሁት ተደናግጬ ለገዢ ደውዬ ማታ የተጸጸትኩበት ቀን አለ። ከዚህም በላይ የእኛ ቡና ተገዝቶ፣ ደርቆ፣ ተፈልፍሎና ተጭኖ እስኪሸጥ ሳምንታት ስለሚወስድ፣ የቀኑ ግራፍ የሚያሳየው መወዛወዝ አብዛኛው ለእኛ ሥራ ጥቅም የለውም። አሁን ውሳኔዬን የምወስነው በሳምንቱ ግራፍ ነው።

ግራፉ ራሱ የሚዋሽበት ጊዜም አለ፤ ይህን የሚነግራችሁ ሰው ብዙ ስለማታገኙ ልብ በሉት። በኒውዮርክ የሚሸጡትና የሚገዙት ውሎች፣ ማለትም ቡናን ወደፊት በተወሰነ ወር ለመረከብ የሚደረጉ ስምምነቶች፣ የማርች፣ የሜይ፣ የጁላይ፣ የሴፕቴምበርና የዲሴምበር ናቸው፤ አንዱ ሲያበቃ ብዙ የስልክ ፕሮግራሞች ግራፉን ወደሚቀጥለው ውል ያዞሩታል። ቡና በጠፋበት ዓመት የቅርቡ ወር ውል ከሩቁ ስለሚወደድ፣ በዝውውሩ ቀን ምንም ሳይሸጥ ዋጋው ብዙ ሳንቲም የወረደ ይመስላል፤ አርኤስአይም አብራ ትወድቃለች። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ስብራት ስታዩ መጀመሪያ የአንዱን ውል ግራፍ ለብቻው ክፈቱ።

አመላካቾቹ ከቶ የማያውቁት ነገርም አለ። ሐምሌ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ብራዚል ውስጥ በቡና አምራች አካባቢዎች ውርጭ ወረደ፤ ከ160 ሳንቲም በታች የነበረው ዋጋ በሳምንት ገደማ ከ200 አለፈ። በዋዜማው የትኛውም መስመር ይህን አላሳየም፣ ሊያሳይም አይችልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም እንዲሁ ነው፤ በብር የሚከፈለን ዋጋ ተለወጠ፣ የኒውዮርክ ግራፍ ግን ስለዚህ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ግራፉ የሚነግራችሁ በዶላር ስለሚሸጠው ቡና ጉልበት ነው፤ ብሩን ለብቻው ተከታተሉ።

ለወጣቶች አንድ ነገር ብቻ ልበል። ይህን ተምረው በስልክ መተግበሪያ በውሎቹ ላይ መወራረድ የሚያምራቸው ልጆች እዚህ ከተማም አሉ። አንዱ የኒውዮርክ ውል 37,500 ፓውንድ ነው፤ ይኸውም 1,000 ፈረሱላ ያህል ማለት ነው። ዋጋው በአንዲት ሳንቲም ሲንቀሳቀስ 375 ዶላር ይወጣል ወይም ይገባል፤ በአንድ ቀን ደግሞ 10 ሳንቲም መንቀሳቀስ አዲስ ነገር አይደለም። እኔ እውቀቱን የምጠቀምበት በእጄ ያለውን ቡና መቼ እንደምሸጥ ለመወሰን ብቻ ነው፤ እነርሱም እንዲሁ እንዲያደርጉ ከልቤ እለምናቸዋለሁ።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት፣ ዓርብ ማታ በተዘጋው ዋጋ፣ በደብተሬ ላይ አንድ መስመር እሞላለሁ። በመጀመሪያ ኤዲኤክስን፣ ቀጥሎ ከሁለቱ መስመሮች የትኛው ከላይ እንደሆነ፣ ከዚያ የሳምንቱን አርኤስአይና ከቀደመው ከፍታዋ አንጻር የት እንዳለች፣ በመጨረሻም የዕለቱን የብር ምንዛሪና የጅማን ዋጋ እጽፋለሁ። በገጹ ዳር ላይ ደግሞ በዚያ ሳምንት ላኪዎች ስንት ጊዜ እንደደወሉልኝ የምጽፍበት ጠባብ ዓምድ አለ፤ ሐጂ ባለፈው ሲመጡ መነጽራቸውን አድርገው ከሁሉ አስቀድመው ያነበቡት እርሱን ነው።